መልስ፦ የ«ዘ ኤክሶርሲስት» አስፈሪ ፊልም ሰብታይትል (ከስር የሚወጣው ጽሑፍ) ከንግግሩ ለምን ይለያያል?

ወንድሜ፣ ጅማ ሄርማታ ገበያ ፍላሽ ላይ ያስጫንከው ፋይል አልተበላሸም፤ ፊልሙና ሰብታይትሉ የተለያየ ቅጂ ናቸው። በ1973 ሲኒማ ቤት የታየው 122 ደቂቃ ገደማ ነው፣ በ2000 የወጣው የተራዘመው ደግሞ 132። ጋኔን የያዛት ልጅ ሬጋን መጀመሪያ ሐኪም ጋ የምትመረመርበትና እንደ ሸረሪት ደረጃ የምትወርድበት ትዕይንት ያለው ሁለተኛው ላይ ነው።

በጽሑፉና በንግግሩ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ቦታ ላይ ድንገት ከዘለለ የተጨመረ ትዕይንት አለ ማለት ነው። ቀስ በቀስ እየሰፋ ከሄደ ግን ችግሩ ፍጥነት ነው፦ በሰከንድ 24 ምስል የነበረው ለአውሮፓ ቴሌቪዥን 25 ሲደረግ 122ቱ ደቂቃ ወደ 117 ይወርዳል። ተቆርጧል ብለህ እንዳትጥለው!

ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ላይ «ጂ» (G) እና «ኤች» (H) ቁልፎች ጽሑፉን በ50 ሚሊሰከንድ ያንቀሳቅሱታል፤ የሚያገለግሉት ግን እስከሚቀጥለው የተጨመረ ትዕይንት ብቻ ነው። ከቅጂህ ርዝመት ጋር የሚገጥም ሰብታይትል ፈልግ።

ፊልም ላይ የሚለጠፈውን «አንሬትድ» የሚለውን ደግሞ አትመን። ያ ቅጂ ከአሜሪካው የፊልም ደረጃ ሰጪ ደረጃ አልተሰጠውም ማለት እንጂ ረጅም ነው ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ የሚጨምረው ጥቂት ሰከንድ ደም ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምታየው ከሆነ የ1973ቱን አስቀድም፣ ፍርሃቱ የበለጠ የታመቀ ነው።