ክረምት ሳይገባ ጣሪያ ላይ ውጡ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን እዚህ ጎንደር ጃን ተከል አካባቢ ቡና ስንጠጣ አንዲት የሥነ ሕንፃ ተማሪ «ጋሼ፣ በዚህ በቅርስ ጥገና ሙያ እንጀራ ይበላል?» አለችኝ። ይበላል አልኳት፤ ግን ዘግይቶ ነው የሚቀርበው። እኩዮቼ ፎቅ ሲሠሩ እኔ የፈረሰ ግንብ ስለካ ነበር። እናቴ ሥራዬን ለጎረቤት ማስረዳት ሲያቅታት «ድንጋይ ይቆጥራል» ትል ነበር። አልዋሸችም።

ጥያቄዋ ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ይህን የጻፍኩትም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልንገራችሁ። ከትምህርት እንደወጣሁ የአንድ የቆየ አጥር ጥገና ተሰጠኝ። የት እንደሆነ ይቅር። በድንጋዮቹ መካከል ያለው ኖራ ተበልቶ አልቋል። አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ቀረብ ብለው «ልጄ፣ ይሄ ግንብ የለመደው ኖራ ነው» አሉኝ። የዲግሪዬ ቀለም ገና አልደረቀም፤ ማን ይሰማቸዋል! ሲሚንቶ ይጠነክራል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ በጀቱም ከሰኔ 30 በፊት ማለቅ አለበት። በሲሚንቶ ደፈንኩት። ሲያልቅ አማረ። ፎቶም ተነሣሁበት።

ከሦስት ክረምት በኋላ ተመልሼ አየሁት። ሲሚንቶው እንዳለ ነው። ቀዩ ድንጋይ ግን እንደ ሽንኩርት ይላጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሮጌ ግንብ ውሃ ይጠጣል፤ ዝናቡ ከላይ፣ እርጥበቱ ከመሬት። በጋ ሲመጣ ያ ውሃ መውጫ ይፈልጋል። ኖራ ከድንጋዩ የለሰለሰ ነው፤ ያስተነፍሳል። ውሃው በእሱ በኩል ተንኖ ይወጣል፣ የሚበላውም ኖራው ራሱ ነው። ኖራ ደግሞ መልሶ ይሞላል። ሲሚንቶ ያንን በር ይዘጋዋል። ያኔ ውሃው በድንጋዩ በኩል ይወጣል፣ የያዘውን ጨው ድንጋዩ ውስጥ ጥሎ። ጨው ሲደርቅ ይጠጥራል፣ የድንጋዩንም ፊት ከውስጥ ገፍቶ ይጥለዋል።

ይህን የሠራሁት እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ለማጽናኛ ያህል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፋሲል ግቢን ሕንፃዎች በሲሚንቶና በአርማታ ጠግኖ ነበር። በኋላ በዩኔስኮ ድጋፍ በተደረገው ጥገና ብዙው ተነሥቶ በኖራ ተተካ። ግቢው በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው።

የቀዳማዊ ኢያሱን ቤተ መንግሥትም ሄዳችሁ እዩ። እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ፣ በ1941 ደግሞ የእንግሊዝ ቦምብ መታው። ጣሪያ የለውም። በየጊዜው አንድ ሰው «ለምን አንከድነውም?» ይለኛል። እኔ አይከደን ባይ ነኝ። እኛ የምንሠራው ጣሪያ የኢያሱ ሳይሆን የኛ ግምት ነው። ከ50 ዓመት በኋላ የሚመጣ ልጅ ሁለቱን መለየት ያቅተዋል። ባልደረቦቼ በዚህ አይስማሙም፤ እናንተም ላትስማሙ ትችላላችሁ።

ቱሪስቱ ሁሉ «የሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው አይደል?» ይላል። ፋሲለደስ ጎንደርን እ.ኤ.አ. በ1636 የቆረቆረው ኢየሱሳውያኑን፣ ማለትም የካቶሊክ ሚሲዮናውያኑን፣ ካባረረ በኋላ ነው። ከውጭ የመጣ ጥበብ የለበትም እያልኩ አይደለም። ግን ድንጋዩን ማን ጠረበው? ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የቤተ እስራኤል መንደር ወለቃ ስትደርሱ አስቡበት። የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አንጥረኞች እጅ እዚህ ከተማ ላይ አለ። እኛ የምናስታውሰው የነገሥታቱን ስም ብቻ ነው። ቱምቢ የያዘ ሰው ሲናገር ጸጥ በሉ የምላችሁ በከንቱ አይደለም።

ግዕዝም ተማሩ። የነገሥታቱ ዜና መዋዕል የተጻፈው በእሱ ነው። በሰው ትርጉም ብቻ መሥራት በሰው መነጽር እንደማየት ነው፤ እኔ ዘግይቼ ጀምሬ ዛሬም ድረስ ያንገዳግደኛል።

አሁን ወደ ዋናው። ግንቦት ላይ፣ ክረምት ሳይገባ፣ መሰላል ይዛችሁ ጣሪያ ላይ ውጡ። አሸንዳውን ጥረጉ። ወፍ ከኩሷ ጋር የጣለችው የዋርካ ዘር ስንጥቅ ውስጥ በቅሎ ታገኛላችሁ። ዛሬ በሁለት ጣት ይነቀላል። ከ20 ዓመት በኋላ ሥሩ ግንቡን ሰንጥቆ፣ መልሶ ደግሞ ደግፎ ይይዘዋል። የፋሲል መዋኛን አጥር ያየ ይህን ያውቃል። እንደዚያ ከሆነ በኋላ ሥሩን ብትጎትቱት ግንቡም አብሮ ይመጣል። አሸንዳ ለጠረገ ሰው ሪባን አይቆረጥም፣ ቴሌቪዥንም አይመጣም። ከሠራሁት ሁሉ የማልጸጸትበት ግን ይሄ ነው። ጥናቶቼን ዛሬ ሳነባቸው ግማሾቹ ያሳፍሩኛል።

ያ አጥር ምን ሆነ? ከዓመታት በኋላ በራሴ ጊዜ ተመለስኩበት። ሽማግሌው ግንበኛ ዐርፈዋል። ይቅርታ የጠየቅሁት ልጃቸውን ነው። ሳቀብኝ። «አባዬ 'ያ ልጅ ተመልሶ ይመጣል' ብሎ ነበር» አለኝ። በጋውን ሙሉ ሲሚንቶውን በመሮ እያወጣን ቆየን። ኖራውን ያቦካው እሱ ነው፤ እኔ ውሃ አቀበልኩ።