የሰፈር ሽማግሌዎች የወንጀል ጉዳይ ማስታረቅ ይችላሉ?

ጥያቄ፦ እኔና አራት ጎረቤቶቼ ደሴ ውስጥ በዕድራችን ሥር ሰው በነፃ የምናስታርቅ ሽማግሌዎች ነን። ፖሊስም ቀላል ጠቦችን ወደ እኛ ይልካል። ሰሞኑን አንድ የ19 ዓመት ልጅ ከባጃጅ ሹፌር ጋር ተጣልቶ በቡጢ መታው፤ የባጃጁንም የፊት መስታወት በድንጋይ ሰበረ። ሹፌሩ 8,000 ብር ካሳ ተከፍሎት ሊታረቅ ተስማምቷል። የልጁ አባት ዋስ ይሆናሉ። 2,000 ብር ደግሞ ልጁ ለዕድሩ ቅጣት እንዲከፍል አስበናል። በሕግ ያስጠይቀናል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ይህን ጉዳይ ማስታረቅ ትችላላችሁ። የ2,000 ብሩን ቅጣት ግን ተዉት።

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንዳንድ ወንጀሎች የሚያስከስሱት ተበዳዩ ራሱ አቤት ሲል ብቻ ነው። በቡጢ የደረሰ ቀላል የአካል ጉዳት (አንቀጽ 556(1)) እና የሰው ንብረት ማበላሸት (አንቀጽ 689) ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ሹፌሩ ካልከሰሰ ጉዳዩ በእርቅ ያልቃል። ከሶም ከሆነ አቤቱታውን ማንሳቱን ለፖሊስና ለዓቃቤ ሕግ በጽሑፍ ያሳውቅ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ድንጋዩ ያረፈው ሹፌሩ ላይ ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ነበር። በድንጋይ፣ በዱላ ወይም ጉዳት ሊያደርስ በሚችል ሌላ ነገር መምታት በአንቀጽ 556(2) ሥር ይወድቃል። ያን ጊዜ ተበዳዩ «ይቅር ብያለሁ» ቢልም ዓቃቤ ሕግ ክሱን መቀጠል ይችላል። እርቁ ግን ከንቱ አይሆንም። አጥፊው ከልቡ ተጸጽቶ ጉዳቱን መካሱ በአንቀጽ 82 ቅጣት ያቀልለታል። እንግዲህ የድብድብ ጉዳይ ሲመጣላችሁ መጀመሪያ «በምን መታው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ወደ ቅጣቱ ልመለስ። ካሳ ለተበዳዩ ይከፈላል፣ በስምምነት ነው። በወንጀል መቅጣት ግን የፍርድ ቤት ሥልጣን ነው፤ ዕድር ሊወስደው አይችልም። ገንዘቡ ወደ ዕድሩ ካዝና ሲገባ ደግሞ ሽማግሌው ጥቅም ፈላጊ መስሎ ይታያል። ስማችሁን ጠብቁ።

ብዙ ሽማግሌዎች የማያስተውሉት ሌላ ነገር ቀኑ ነው። በግል አቤቱታ የሚቀርብ ክስ ተበዳዩ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ መብቱ ይቀራል። ሽምግልና ደግሞ ይጎተታል። ዛሬ ለቅሶ አለ፣ ነገ አንዱ ሽማግሌ መንገድ ሄዷል ይባላል። እርቁ ሳይሳካ ጊዜው ካለፈ ሹፌሩ ባዶ እጁን ይቀራል፣ ያስቀራችሁትም እናንተ ናችሁ። ጉዳዩን ስትይዙ የመጨረሻውን ቀን መዝገባችሁ ላይ ጻፉ፤ ለተበዳዩም ንገሩት።

ስምምነቱን በቃል አትተዉት። ምን ተደረገ፣ ስንት ይከፈላል፣ መቼ ይከፈላል የሚለውን ጽፋችሁ ሁለቱም ይፈርሙ፤ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙ። አባትየው ዋስ ሲሆኑ የሚዋሱበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን በጽሑፉ ላይ መገለጽ አለበት። «ለልጄ ዋስ ነኝ» ብቻ ብለው ቢፈርሙ የፍትሐ ብሔር ሕጉ (አንቀጽ 1922) ዋስትናውን ዋጋ አይሰጠውም። «እስከ 8,000 ብር» ብላችሁ ጻፉት።

አስገድዶ መድፈር፣ ጠለፋ፣ ከባድ የአካል ጉዳት ከመጣባችሁ ግን እጃችሁን አንሱና ወደ ፖሊስ ምሩ። ቤተሰብ «ስማችን እንዳይጠፋ» ብሎ ይለምናችኋል፣ እግራችሁ ላይ ይወድቃል። አትቀበሉ። በሽማግሌ ስም የተደፈረች ልጅ አፍ ሲዘጋ አይቻለሁ፤ ከዚህ የከፋ በደል አላውቅም። አጥፊን መደበቅና ማስረጃ ማጥፋትም ራሳችሁን ያስከስሳችኋል።

በመጨረሻ፣ ከመፈረሙ በፊት ሹፌሩን ለብቻው አነጋግሩት። አባትየው የሰፈሩ ትልቅ ሰው ከሆኑ፣ ሹፌሩም እዚያው ሰፈር ሠርቶ የሚያድር ከሆነ፣ ሸንጎው መሐል «እሺ» ያለው አፍሮ ወይም ፈርቶ ሊሆን ይችላል። ተገዶ የፈረመ ሰው ነገ ስምምነቱን በፍርድ ቤት ሊያፈርሰው ይችላል። «ባትስማማም ማንም አይቀየምህም» በሉት፤ «አልፈልግም» ካለ ደግሞ የ3 ወሩ ጊዜ ሳያልፍበት ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሸኙት።