የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስፖንሰር ያለው የፎቶግራፍ ውድድር ስታዘጋጁ

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የምንኖር፣ ፎቶግራፍ ማንሣት የምንወድ ወጣቶች ተሰባስበን የሰሜን ሸዋን መልክዓ ምድርና የሕዝቡን አኗኗር የሚያሳይ ውድድር ለማዘጋጀት አስበናል። የሽልማቱንና የኤግዚቢሽኑን ወጪ ልሸፍን ያለን አንድ ድርጅት አግኝተናል። ሆኖም ባቀረበልን ረቂቅ ውል ላይ «ለውድድሩ የቀረቡ ፎቶዎች በሙሉ የስፖንሰሩ ንብረት ይሆናሉ» የሚል አንቀጽ አለ፤ ከዳኞቹም አንዱ የራሱ ሠራተኛ እንዲሆን ይፈልጋል። ከመካከላችን ገንዘቡ ሳያመልጠን እንፈርም የሚሉ አሉ። ምን ትመክሩናላችሁ? ዝግጅቱንስ በምን እንጀምር? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ውሉን አሁን ባለበት መልኩ እንዳትፈርሙት አጥብቀን እንመክራችኋለን። ስለ ቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ በወጣው አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ፎቶግራፍ ጥበቃ የሚደረግለት ሥራ ሲሆን፣ የኢኮኖሚ መብቱ (ማለትም ፎቶውን አባዝቶ፣ ሸጦ ወይም አሳይቶ የመጠቀም መብቱ) ሥራው ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ይጠበቃል። ይህ መብት የአንሺው እንጂ የአዘጋጆቹ አይደለም፤ ስለዚህ ስለ ውድድሩ ገና ያልሰማ ሰው ወደፊት የሚያነሣውን ፎቶ እናንተ ፈርማችሁ ለሌላ ልትሰጡ የምትችሉበት ምክንያት የለም። ይህንኑ አንቀጽ በውድድሩ ደንብ ውስጥ አስገብታችሁ ተወዳዳሪውን ብታስፈርሙት እንኳ፣ ሦስት ሰው ለሚያሸንፍበት ሽልማት መቶ ሰው ንብረቱን ያጣል ማለት ነው። ሥራቸውን የሚያከብሩ አንሺዎች እንዲህ ያለውን ደንብ አንብበው ይቀራሉ፤ የሚጎዳውም መጀመሪያ ውድድሩ ራሱ ነው።

ድርጅቱ አንቀጹን ያስገባው ግን ክፉ አስቦ ላይሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ስፖንሰሮች የሚፈልጉት ለአዲስ ዓመት ካላንደር፣ ለቢሮ ግድግዳና ለማኅበራዊ ሚዲያ ገጻቸው የሚሆኑ ጥቂት ጥሩ ፎቶዎች ነው። ስለዚህ እምቢታ ብቻ ይዛችሁ ከመሄድ ይልቅ ለምን እንደሚፈልጓቸው በግልጽ ጠይቁና በባለቤትነት ምትክ የመጠቀም ፈቃድ አቅርቡላቸው። አንቀጹ ለምሳሌ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «ተወዳዳሪው የፎቶው መብት ባለቤት ሆኖ ይቀጥላል። አዘጋጁና ስፖንሰሩ ለኤግዚቢሽን የተመረጡትን ፎቶዎች ውድድሩን ለማስተዋወቅ ብቻ ለሁለት ዓመት ያለ ክፍያ ይጠቀማሉ፤ በተጠቀሙ ቁጥርም የአንሺውን ስም ይጽፋሉ። ካላንደርን ጨምሮ ለማንኛውም የንግድ ሥራ ለመጠቀም ግን ከአንሺው ጋር በተናጠል ተዋውለው ይከፍላሉ።» በስም የመጠቀስ መብት በአዋጁ ከኢኮኖሚ መብቱ ተለይቶ የሚታወቅ የሞራል መብት ስለሆነ፣ በዚህ ነጥብ ላይ ለድርድር ቦታ አትተዉ። ለኤግዚቢሽን ያልተመረጡት ፎቶዎችም ከውድድሩ በኋላ ከኮምፒዩተራችሁ እንደሚጠፉ በደንቡ ላይ ቢሰፍር የተወዳዳሪውን እምነት ታገኛላችሁ።

ስለ ዳኛው ያለን አቋምም የጸና ነው። የስፖንሰሩ ተወካይ የመክፈቻ ንግግር ቢያደርግ፣ ሽልማቱን በእጁ ቢሰጥ፣ የድርጅቱም አርማ በፖስተሩና በኤግዚቢሽኑ መግቢያ ላይ ጎልቶ ቢታይ ተገቢ ነው፤ ገንዘቡን ያወጣ ድርጅት መታወቅ አለበትና። በዳኝነት ወንበር ላይ ከተቀመጠ ግን የሚመረጠው ፎቶ ለማስታወቂያ የሚመቸው ይሆናል ተብሎ መጠርጠሩ አይቀርም። የድርጅቱ ሠራተኞች፣ የአዘጋጆቹና የዳኞቹ ቤተሰቦች እንደማይወዳደሩም በጽሑፍ ይቀመጥ።

ዳኞቹ ሦስት ወይም አምስት ይሁኑ። አንዱ በሙያው የሚተዳደር ፎቶግራፍ አንሺ፣ ሌላው ሠዓሊ ወይም የሥነ ጥበብ መምህር ቢሆን፣ ሦስተኛው ደግሞ አካባቢውንና ባህሉን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ቢሆን እንመርጣለን። በመንዝ አውድማ ላይ ገብስ ሲወቃ አይቶ የማያውቅ ዳኛ፣ በሬዎቹ በሥራ ላይ ሳሉ የተነሣውን ፎቶና ለካሜራ ተብሎ የተቀናበረውን ለመለየት ይቸገራል። በደብረ ብርሃን ስፋት ባለ ከተማ አንሺዎች እርስ በርስ ስለሚተዋወቁ፣ ፎቶዎቹ ለዳኞች የሚቀርቡት ስም ተነሥቶላቸው በቁጥር ብቻ ይሁን፤ የቁጥሩንና የስሙን ዝርዝር የሚይዘውም ዳኛ ያልሆነ አንድ ሰው ይሁን። እያንዳንዱ ዳኛ አስቀድሞ ለብቻው ነጥብ ይስጥ፤ ከዚያ በኋላ ከፍተኛ ነጥብ ያገኙትን አሳትማችሁ ጠረጴዛ ላይ ደርድሩና አብረው ይወያዩባቸው። በስልክ መስታወት ላይ ያማረ ፎቶ በወረቀት ላይ ሲያዩት ጥላው ጠቁሮ፣ ትኩረቱም ስቶ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። አሸናፊውን በማኅበራዊ ሚዲያ «ላይክ» መምረጥ ወዳጅ ዘመድ የበዛለትን መሸለም ስለሚሆን፣ ከፈለጋችሁ «የሕዝብ ምርጫ» የሚል አነስተኛ ሽልማት ለብቻው መድቡለት።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የሽልማቱ መጠን በፖስተር ላይ ከመውጣቱ በፊት ገንዘቡ በባንክ ሒሳብ ውስጥ መግባት አለበት። የሒሳቡ ባለቤት ሕጋዊ ሰውነት ያለው አካል እንጂ ከመካከላችሁ አንድ ሰው እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ገና ካልተመዘገባችሁ፣ የተመዘገበ ማኅበር ወይም ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲን የመሰለ ተቋም አብሮ አዘጋጅ እንዲሆን ጠይቁ፤ ከዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ የድጋፍ ደብዳቤ መያዝም ተወዳዳሪዎች በየወረዳው ሲንቀሳቀሱ ይጠቅማቸዋል። ሁሉም ድጋፍ በጥሬ ገንዘብ እንዲመጣ አትጠብቁ፤ አዳራሽ፣ ኅትመት፣ ከሩቅ ለሚመጣ ዳኛ መኝታ በዓይነት ሊገኙ ይችላሉ። ከአልኮል አምራቾች ድጋፍ ለመጠየቅ የምታስቡ ከሆነ ግን የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን በእጅጉ እንደሚገድብ፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥንም እንደሚከለክል አስቡ፤ ተማሪዎች ለሚሳተፉበት ውድድር እንዲህ ያለው ድጋፍ ቢቀር ይሻላል።

ጊዜውን አታሳጥሩ። ውድድሩ መስከረም ተከፍቶ በጥር መጨረሻ ቢዘጋ፣ አደይ አበባው፣ የመስከረም 17 መስቀል፣ የኅዳርና የታኅሣሥ አዝመራ፣ የጥር 11 ጥምቀት ሁሉም ይደርሳሉ፤ የጣርማ በር ጭጋግና የሸዋ ሮቢት ቆላ፣ የአንኮበር ገደልና የምንጃር የጤፍ ማሳም በአንድ ኤግዚቢሽን ይገናኛሉ። ማስታወቂያው ላይ የመዝጊያውን ሰዓት ስትጽፉ «6 ሰዓት» ብቻ ብላችሁ አትለፉ፤ አንዱ ቀትር፣ ሌላው እኩለ ሌሊት፣ በስልኩ ሰዓት የሚመራው ደግሞ ማለዳ ሊመስለው ይችላል። ካሜራና ስልክ በፋይሉ ውስጥ የሚመዘግቡት ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነም፣ ፎቶው የሚነሣበትን ጊዜ የምትወስኑ ከሆነ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት።

በስልክ የተነሣ ፎቶ አይከልከል። ባለ 12 ሜጋፒክስል ፎቶ 4000 በ3000 ነጥብ (ፒክስል) ስላለው፣ 29.7 በ42 ሳንቲ ሜትር በሆነው ኤ3 ወረቀት ላይ አጥርቶ ይታተማል። ረጅሙ ጎን ከ3000 ነጥብ እንዳያንስ ብቻ ደንግጉ። ፎቶዎቹን በቴሌግራም የምትቀበሉ ከሆነ ግን በተለመደው መንገድ የተላከ ፎቶ መጠኑ ተቀንሶ ስለሚደርስ «እንደ ፋይል» እንዲላክ በጉልህ አስታውቁ። ብርሃንን ማስተካከልና መቁረጥ ይፈቀድ፤ በሥዕሉ ውስጥ ያልነበረን ነገር መጨመር፣ የነበረን ማጥፋትና በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈጠረን ምስል ማቅረብ ይከልከል። ለመጨረሻው ዙር ያለፉት ሁሉ ያልተነካካውን ዋና ፋይል እንዲያቀርቡ ብትጠይቁ ማጣራቱ ይቀላችኋል።

ጥያቄ፦ በእንዲህ ዓይነት ውድድር ለመሳተፍ የምፈልግ የመንዝ ልጅ ነኝ። አንዲት እናት ደጃፋቸው ተቀምጠው የበግ ፀጉር በእንዝርት ሲፈትሉ አንሥቻለሁ፤ ሴትየዋን ሳላስፈቅድ ብልከው ችግር አለው? በጓሳ የዱር እንስሳትን ለማንሣትስ ምን ልጠንቀቅ? (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ችግር አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና ለሽያጭ ማቅረብን ይከለክላል፤ ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 28 በአደባባይ የተከናወኑ ሥነ ሥርዓቶችንና ሕዝብን የሚመለከቱ ክንውኖችን ከዚህ ውጭ ያደርጋል። የጥምቀትን ሰልፍ ማንሣትና በደጃፋቸው የተቀመጡ አንዲት እናትን ማንሣት ስለዚህ አንድ አይደሉም። ፎቶውን ይዘህ ተመለስና አሳያቸው፤ ኤግዚቢሽን ላይ እንደሚሰቀል፣ ምናልባትም ስፖንሰሩ እንደሚጠቀምበት በሚገባቸው ቋንቋ ንገራቸው። ከፈቀዱ አጭር የፈቃድ ወረቀት አንብብላቸውና አስፈርማቸው፤ መፈረም የማይችሉ ከሆነ በምስክር ፊት የጣት አሻራ ይበቃል። የልጅ ፎቶ ከሆነ ፈቃዱ ከወላጅ ይሁን። አንድ ቅጂ አሳትመህ ብትሰጣቸው ደግሞ እጅግ ደስ ይለናል።

ጓሳ የአካባቢው ሕዝብ ቀሮ በተባለ ባህላዊ የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ለረጅም ዘመን ጠብቆ ያቆየው ቦታ ስለሆነ፣ ከመግባትህ በፊት አስተዳደሩን አነጋግርና አስጎብኚ ይዘህ ሂድ። ጭላዳዎች ሰው ሲለምዱ ቀርበው ሣር ሲነጩ ይታያሉ፤ ምግብ በመስጠት አታባብላቸው። ቀይ ቀበሮ ግን ቁጥሩ እጅግ የተመናመነ፣ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ እንስሳ ነው። ጉድጓዱን ፈልጎ ማድፈጥ ወይም ለቀረበ ፎቶ ብሎ መከተል ግልገሎቹን ለአደጋ ያጋልጣል። በስልክ ከሆነ የምታነሣው፣ ቀበሮውን ከነሣሩና ከነሰማዩ በሩቁ አንሣው።