«አውርሻለሁ» ወይስ «ተናዝዣለሁ»?

ጥያቄ፦ አክስቴ ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ቤት አላቸው። በደብተር ወረቀት ላይ በእጃቸው «ቤቴን ለእህቴ ልጅ አውርሻለሁ» ብለው ፈረሙ። ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው አይቶት «ኑዛዜ መሆኑን አይናገርም» አለኝ። «አውርሻለሁ» ካሉ ሌላ ምን ቀረ?

መልስ፦ ሰውዬው ዝም ብሎ አላለም። ሁለቱ ቃላት አብረው ይውላሉ እንጂ አንድ አይደሉም።

«ኑዛዜ» ንግግር ነው። ምንጩ ግእዙ «ናዘዘ» ሲሆን «አጽናና» ማለት ነው። ኃጢአቱን ለነፍስ አባቱ የነገረም፣ ቤቱን ለማን እንደሚተው የተናገረም «ተናዘዘ» ይባላል። የምንለያቸው በተሳቢው ነው፤ «ኃጢአቱን ተናዘዘ»፣ «ቤቱን ተናዘዘ»። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን «ወሲያ» ይሉታል። እሱ እንኳ ኃጢአት አያስጠረጥርም።

«ወረሰ» ግን ስለ ንብረቱ መተላለፍ ነው የሚያወራው። ተናጋሪ አያስፈልገውም። ሰው ምንም ሳይናገር ቢሞት ልጆቹ ይወርሱታል። «ስኳር ከአባቱ ወረሰ» ስንልም አባትየው የተናዘዙት ነገር የለም። ደሞ «ቤቱ ተወረሰ» ብለው ለአንድ የደሴ ሽማግሌ ቢነግሯቸው፣ ልጅ ቤት አገኘ ብለው አይረዱዎትም። ትዝ የሚላቸው ደርግ «ትርፍ ቤት» ብሎ የሰዉን ቤት ለመንግሥት ያደረገበት የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ነው።

አሁን ወደ አክስትዎ ወረቀት እንምጣ። «አውርሻለሁ» ያለቀ ነገር ነው። እሳቸው ግን በሕይወት አሉ፣ ካርታውም በስማቸው ነው። ወረቀቱን ያነበበ ሰው «ዛሬ ሰጡት ወይስ ሲሞቱ ነው?» ቢል አይፈረድበትም። «ሰጥቻለሁ» ብለው ቢሆንማ ጭራሽ ስጦታ ይመስል ነበር። የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 884 ተናዛዡ በእጁ ስለሚጽፈው ኑዛዜ ሲናገር፣ ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ የራሱ እንዲሆን፣ ኑዛዜ መሆኑንም በግልጽ እንዲያመለክት ይጠይቃል። ቀንና ፊርማም በየገጹ ያስፈልገዋል። ጣጣው ያለው «በግልጽ» የምትለዋ ላይ ነው። «አውርሻለሁ» በቂ ግልጽ ነው ወይ የሚለውን ዳኛ ይፍረድ፤ እኔ ቃል እንጂ ፋይል አልመረምርም።

ደግነቱ አክስትዎ አሉልዎት። ክርክሩን ትተው እንደገና ይጻፉት። ከላይ «ይህ ኑዛዜዬ ነው»፣ ቀጥሎ «ከሞትኩ በኋላ ቤቴን የእህቴ ልጅ እገሌ ይውረስ»። «እገሌ» ባልኩበት ቦታ ሙሉ ስምዎ ይግባ። «የእህቴ ልጅ» ብቻ ከተባለ፣ ወንድም እህት ካለዎት ሁሉም «እኔ ነኝ» ማለቱ አይቀርም። እርስዎ ግን እስክሪብቶውን እንዳይነኩት። እጃቸው ቢንቀጠቀጥም ራሳቸው ይጻፉት።