የአኳሪየሙን ቀንድ አውጣዎች የሚበላቸው ማን ነው?

በጎንደር ፒያሳ አካባቢ ካፌ ያላቸው አንባቢ ለእንግዶቻቸው ባዘጋጁት የባሕር ውሃ አኳሪየም ውስጥ አልጌ እንዲያጸዱ ያስገቧቸው ቀንድ አውጣዎች አንድ በአንድ እያለቁ፣ ባዶ ዛጎላቸው ብቻ አሸዋው ላይ እየቀረ መቸገራቸውን ጽፈውልናል። ማታ መብራቱ ከጠፋ በኋላ ከድንጋዩ ሥር የሚወጣ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ቡናማ ቀንድ አውጣ አይተዋል፤ በተረፉት ዛጎል ላይም ሩዝ የሚመስሉ ነጫጭ ነገሮች ተጣብቀዋል። ጥያቄያቸው ቀንድ አውጣ የሚገድል መድኃኒት ውሃው ውስጥ ቢጨምሩ ይሻል እንደሆነ ነው።

መድኃኒት እንዳይጨምሩ አጥብቄ እመክርዎታለሁ። ለዚህ የሚታሰበው መዳብ ያለበት መድኃኒት ጥሩውንና መጥፎውን ቀንድ አውጣ፣ ሽሪምፑንና ኮራሉን ሳይለይ ይገድላል፤ ከዚያም በድንጋዩና በአሸዋው ውስጥ ሰርጎ ስለሚቆይ ውሃውን ቢቀይሩት እንኳ ጉዳቱ በቀላሉ አይወገድም።

እኔ አስቀድሜ የምመረምረው ባዶውን ዛጎል ነው። አጥበው ወደ መስኮት ብርሃን ያዙሩትና በአጉሊ መነጽር ዙሪያውን ይመልከቱት። ጠርዙ ቀጥ ያለ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ካገኙ ሙሬክስ የሚባሉ አዳኝ ቀንድ አውጣዎች ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ይህ አዳኝ ዛጎሉን በሚያሟሟ ፈሳሽ እያለሰለሰ፣ በጥርሳም ምላሱ እየፋቀ ይበሳዋል። ቀዳዳው ከውጭ ሰፊ ሆኖ ወደ ውስጥ እየጠበበ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ አሸዋ ውስጥ ተቀብረው የሚያድኑትን ናቲካ የሚባሉ ቀንድ አውጣዎች እጠረጥራለሁ። ቀዳዳ አለመኖሩ ግን አልተበላም ማለት አይደለም። ዌልክ የሚባሉት ቀንድ አውጣዎች ረጅም አፋቸውን በዛጎሉ በር አስገብተው ሥጋውን ስለሚበሉ ብዙውን ጊዜ ምልክት አይተዉም። ዛጎሉ ራሱ ከጠፋና ሸርጣን ለብሶት ከተገኘ ደግሞ ተጠርጣሪው ሸርጣኑ ነው።

ሬሳ ላይ የተገኘ ሁሉ ገዳይ አይደለም። ናሳሪየስ የሚባለው ቀንድ አውጣ የሞተ ሥጋ ሲሸተው ከአሸዋው ወጥቶ ዛጎሉን በጥቂት ሰዓታት ያጸዳል፤ እሱ ጽዳት ሠራተኛዎ ነውና አይንኩት። አልጌ ያለቀበት ገንዳ ውስጥም ቀንድ አውጣ በረሃብ ይሞታል። በጎንደር በጋ ውሃው ቶሎ ስለሚተንና ብዙ ሰው የጎደለውን በጨው ውሃ ስለሚሞላ ጨዋማነቱ ቀስ በቀስ ከፍ ብሎ ሊገድላቸው ይችላል። የተነነው በተጣራ ንጹህ ውሃ ብቻ መተካት አለበት፤ የጨው መጠኑም በሊትር 35 ግራም አካባቢ ሊሆን ይገባል።

አሁን ወደ ቡናማው እንግዳ እንምጣ። መብራቱ ከጠፋ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ የእጅ ባትሪ በቀይ ፕላስቲክ ሸፍነው ይጠብቁት። የዛጎሉ በር ጠርዝ ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ ካለና በዚያ በኩል ቱቦ አውጥቶ ውሃውን እያሸተተ የሚሄድ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሥጋ በል ነው። በሩ ክብና ጎድጓዳ የሌለው ከሆነ፣ እንደ ትሮከስና ተርቦ፣ ብዙውን ጊዜ አልጌ በል ነው። ይህ መለያ ብቻውን አያስተማምንም፤ ናሳሪየስም ቱቦ አለው፣ ሴሪት የተባለውም አልጌ በል ሆኖ ሳለ ጎድጓዳው አለው። ስለዚህ የተጠረጠረውን ቀንድ አውጣ ብዙ ቀዳዳ ባለው ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከአንድ ጤነኛ ተርቦና ከጥቂት አልጌ ጋር እዚያው ገንዳ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ያቆዩት። ተርቦው ከተበላ ፍርዱ ተሰጥቷል።

ሲይዙት በባዶ እጅ አይሁን። የዛጎሉ ቅርጽ ሾጣጣ፣ በሩም ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ረጅም ጠባብ ስንጥቅ ከሆነ ኮነስ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ወገን መርዛማ ጦር የሚወረውር ነው፣ ከዓይነቶቹ አንዳንዶቹ ሰው ገድለዋል፣ ለመርዙም ማርከሻ የለም። በረጅም መቆንጠጫ ይያዙት፤ ከነደፈ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

አዳኙ ካልታየ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ የዓሣ ቁራጭ አድርገው ማታ አሸዋው ላይ ያስተኙትና ንጋት ላይ ያውጡት። የገቡትን ናሳሪየሶች ይመልሱ። የተፈረደበትን በላስቲክ ጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር ይበቃል።

ሩዝ መሳዮቹ ምናልባት ፒራሚደሊድ የተባሉ ጥቃቅን ጥገኛ ቀንድ አውጣዎች ናቸው፤ ቀን ተደብቀው ማታ በቀንድ አውጣው ዛጎል በር አጠገብ ተሰብስበው በቀጭን አፋቸው የሰውነቱን ፈሳሽ ይመጥጣሉ። መስተዋት ላይ ብቻ የሚታዩ ድቡልቡል ጥቃቅኖች ግን አልጌ በሎች ስለሆኑ ይተዋቸው። የተያዘውን ቀንድ አውጣ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ በሌላ ዕቃ ውስጥ አድርገው በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይቦርሹት፤ ዛጎሉ ላይ የተጣበቀውን ዝልግልግ የዕንቁላል ክምችትም ይጥረጉ፤ ውሃውን ወደ ገንዳው አይመልሱት። ዕንቁላሉ ስለሚፈለፈል ሥራው ለሳምንታት ተደጋግሞ መሠራት አለበት። ባለ ስድስት መስመር ራስ (six-line wrasse) የተባለው ትንሽ ዓሣ ይለቅማቸዋል፤ ነገር ግን ሌሎች ዓሦችን የሚያስጨንቅ ኃይለኛ ስለሆነ ለዚህ ብቻ ተብሎ ባይገዛ እመርጣለሁ።

በዚህ ሁሉ መካከል የሞተ ቀንድ አውጣ ውሃው ውስጥ አያሳድሩ። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ያንሳል፤ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም እንዲሁ። ሬሳ ሲበሰብስ የቀረውን ኦክስጅን ይሻማል፤ በዚያ ላይ ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ ዓሦቹ ሊታፈኑ ይችላሉ። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ በአጠገብዎ ይኑር።

አዳኞቹ በአብዛኛው ከድንጋይና ከኮራል ጋር ተደብቀው ስለሚገቡ ወደፊት የሚገዙትን ሁሉ ቢያንስ ለአንድ ወር በተለየ ገንዳ አቆይተው ማታ ማታ ይፈትሹት። ድንጋዩ ላይ እንደ ቆዳ የጠነከሩ ጥቃቅን ከረጢቶች በረድፍ ተለጥፈው ካዩ የዌልክ ዕንቁላሎች ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ሳይፈለፈሉ በምላጭ ፍቀው ያንሷቸው።