አስቀድሞ ተወስኖ ከሆነ ለምን እንጸልያለን? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ስለ ሕመም ብጽፍም ስለ ትዳር ብጽፍም የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ያርፋሉ፤ እግዚአብሔር ሁሉን ከወሰነ የእኔ ድርሻ ምንድን ነው? ለዛሬ ሌላውን ወደ ጎን ትቼ እነዚህን ብቻ ይዣለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«እግዚአብሔር የሚድነውንና የሚጠፋውን ዓለም ሳይፈጠር ወስኖ ከሆነ፣ ለእህቴ መጸለዬ ምን ይለውጣል? ወንጌል መስበክስ ለምን ያስፈልጋል?»

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ን አውጥተው ያንብቡ። ጳውሎስ ታስሮ ወደ ሮም ሲወሰድ መርከቡ በማዕበል ተይዟል። ፀሐይና ከዋክብት ከታዩ ብዙ ቀን ሆኗል፤ ሰዉ ሁሉ ተስፋ ቆርጧል። በሌሊት መልአክ ለጳውሎስ ታይቶ አብረውት የሚጓዙት ሁሉ እንደሚተርፉ ነገረው። እርሱም ለተሳፋሪዎቹ መርከቡ እንጂ ከእናንተ አንድ ነፍስ እንኳ አይጠፋም አላቸው። ሰዎቹ 276 ናቸው። እንግዲህ ነገሩ አለቀ፣ ደቀቀ።

ትንሽ ቆይቶ ግን መርከበኞቹ መልሕቅ የሚጥሉ መስለው ታንኳዋን ወደ ባሕር አወረዱ፤ ሐሳባቸው መኰብለል ነበር። ጳውሎስ ይህን ሲያይ «መትረፋችን ተወስኗልና ይሂዱ» አላለም። ለመቶ አለቃው «እነዚህ በመርከቡ ካልቆዩ እናንተ ትድኑ ዘንድ አትችሉም» አለው። ወታደሮቹም የታንኳዋን ገመድ ቆርጠው ተዉአት ትውደቅ አሉ።

«ማንም አይጠፋም» ያለውና «ካልቆዩ አትድኑም» ያለው አንድ ሰው ነው፤ በሁለቱ መካከል ግጭት እንዳለ የተሰማው አይመስልም። እግዚአብሔር የሚድኑትን አስቀድሞ መርጧል ብሎ ያስተማረውን የ16ኛው መቶ ዘመን ተሐድሶ መሪ የካልቪንን መንገድ የሚከተሉ ሰዎች ይህን ሲያብራሩ እግዚአብሔር መድረሻውን ሲወስን መንገዱንም አብሮ ይወስናል ይላሉ፤ ገመዱ መቆረጡም የውሳኔው ክፍል ነበር። ሌሎቹ ደግሞ ተስፋው ከመጀመሪያውም የሰውን መታዘዝ የሚጠይቅ ነበር ይላሉ። በየትኛውም ቢሄዱ ገመዱን የሚቆርጥ ሰው ያስፈልጋል። ቅድመ ውሳኔን ምክንያት አድርጎ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው ዕድል አምላኪ እንጂ ካልቪናዊ አይባልም። በ1793 ወንጌልን ይዞ ወደ ሕንድ የሄደው ዊልያም ኬሪ ካልቪናዊ ነበር፤ በ18ኛው መቶ ዘመን በሜዳ ላይ ለአእላፍ የሰበከው ጆርጅ ዋይትፊልድም እንዲሁ።

ስለ እህትዎ አንድ ነገር ልጨምር። ለእርስዋ ሲጸልዩ ምን ይላሉ? «ልቧን መልስልኝ» ብለው እንደሆነ፣ እግዚአብሔር በሰው ፈቃድ ውስጥ እንዲሠራ እየለመኑ ነው። የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስ ከ1,600 ዓመት በፊት ተቃዋሚዎቹን የሞገተው በዚሁ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ላላመኑት የምትጸልየው ጸሎት ጸጋ ከሰው ፈቃድ እንደሚቀድም ይመሰክራል ይላቸው ነበር።

«የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ለሁለት ተከፍለናል። አንዱ ወገን ሌላውን "ፔላጊያናውያን" እያለ ይሰድባል፤ ሌላው ደግሞ "አምላካችሁ አምባገነን ነው" ይላል። ማን ነው ትክክል?»

በስድቡ ማናችሁም ትክክል አይደላችሁም። ከስድቡ በስተጀርባ ያለው ልዩነት ግን እውነተኛ ነው፤ ጉንጭ አልፋ ክርክር ነው ብዬ አላልፈውም።

ፔላጊየስ በአምስተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ያስተማረ መነኩሴ ነው። በዘመኑ የነበረው የክርስቲያኖች ልል ኑሮ አስቆጥቶት፣ እግዚአብሔር ያዘዘውን ሰው በተፈጥሮው መፈጸም ይችላል አለ። አውግስጢኖስ ደግሞ ሰው በአዳም ወድቋል፣ ጸጋ ቀድሞ ካላነሣው መነሣት አይችልም ብሎ ተነሣበት። የካርታጎ ጉባኤ በ418 ለአውግስጢኖስ ፈረደ፤ በ431 የኤፌሶን ጉባኤም የፔላጊየስን ተከታዮች አወገዘ። በ529 በኦራንዥ የተሰበሰቡ ጳጳሳት የእምነት መጀመሪያው እንኳ የጸጋ ሥራ ነው ብለው ወሰኑ። በዚያው ጽሑፍ ግን እግዚአብሔር ሰውን ለክፋት ወስኖ ፈጥሯል የሚል ካለ የተወገዘ ይሁን አሉ። ይህችን ሁለተኛዋን ዐረፍተ ነገር ብዙ ሰው ዘሎ ያልፋታል።

አሁን አርሚኒየስን እንይ። በላይደን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ይህ ሆላንዳዊ በ1609 ሞተ፤ በዓመቱ ተከታዮቹ አምስት አንቀጽ ያለው የአቋም መግለጫ አወጡ። ሰው በራሱ ፈቃድ ኃይል አንዳች በጎ ነገር ማሰብም ማድረግም አይችልም፣ በመንፈስ ቅዱስ ዳግም መወለድ አለበት ይላል። ጸጋ የበጎ ነገር ሁሉ መጀመሪያም ፍጻሜም ነው፤ ሰው ግን ሊቃወመው ይችላል ይላል። ይህን የጻፈ ሰው በምን ሒሳብ ፔላጊያናዊ ይባላል?

ለዚህ መልስ የሰጠው ከ1618 እስከ 1619 በሆላንድ በዶርት ከተማ የተቀመጠው ሲኖዶስ ነው። ምርጫ አስቀድሞ በታየ እምነት ላይ የተመሠረተ አይደለም፣ እምነት ራሱ የምርጫ ፍሬ ነው አለ። ነገር ግን የአለማመን ጥፋቱ በሰው እንጂ በእግዚአብሔር አይደለም ብሎም በግልጽ ጽፏል፤ እግዚአብሔርን የኃጢአት ምንጭ ማድረግ ስድብ ነው ይላል። ስለዚህ «አምባገነን» የሚለውም ተቃዋሚ የሳለው ምስል ነው። (በነገራችን ላይ ክርክሩ የሃይማኖት ብቻ አልነበረም። የአርሚኒየስን ወገን የደገፈው የመንግሥት ሰው ኦልደንባርነፌልት በ1619 አንገቱ ተቀላ፤ የሕግ ሊቁ ግሮቲየስ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበት ከሁለት ዓመት በኋላ በመጽሐፍ ሣጥን ውስጥ ተደብቆ አመለጠ። ዛሬ የምትጣሉበት አዳራሽ ቢያንስ ሰይፍ የለበትም።)

ካቶሊኮችም በራሳቸው ቤት ተፋጅተውበታል። ዶሚኒካውያንና ኢየሱሳውያን የተባሉት ሁለት የካቶሊክ ማኅበራት ጸጋና ፈቃድ እንዴት እንደሚስማሙ ለዓመታት ሲካሰሱ ቆይተው፣ በ1607 ጳጳሱ ጳውሎስ 5ኛ ጉዳዩን ሳይፈርዱ ዘጉት። ፍርዱ በተገቢው ጊዜ ይገለጻል ተባለ፤ እስከ ዛሬ አልተገለጠም።

የእኔን አቋም ከጠየቃችሁ ወደ አርሚኒየስ አደላለሁ። እግዚአብሔር «ሰዎች ሁሉ ሊድኑ» ይወዳል የሚለውን የጢሞቴዎስን ቃል «ከየዓይነቱ ሰው» ብሎ ማጥበብ አይዋጥልኝም። ነገር ግን ካልቪናውያን የሚያነሡት አንድ ጥያቄ እግሬን ይይዘኛል፤ ሁለት ወንድማማቾች አንድ ስብከት ሰምተው አንዱ ቢያምን፣ ሌላው ባያምን፣ ልዩነቱ ከየት መጣ? ካመነው ወንድም ነው ካልኩ የሚመካበት ነገር ሰጠሁት። ለዚህ ጥያቄ ከእኛ ወገን ያጠገበኝን መልስ ገና አላገኘሁም።

«እግዚአብሔር ነገ የማደርገውን ዛሬ ካወቀ፣ ሌላ ማድረግ አልችልም ማለት ነው። ታዲያ ነጻነቴ የት አለ?»

ጌታ ጴጥሮስን ዶሮ ሳይጮኽ ሦስት ጊዜ ትክደኛለህ አለው። ሆነም። ጴጥሮስ ግን ወደ ውጭ ወጥቶ ምርር ብሎ ሲያለቅስ «አስቀድሞ ተነግሮብኝ ነው» አላለም፤ ጥፋቱ የራሱ መሆኑን ያውቅ ነበር። ማወቅና ማድረግ ይለያያሉ። በስድስተኛው መቶ ዘመን ቦኤቲየስ የተባለው ሮማዊ ሞቱን በእስር ቤት እየጠበቀ ሲጽፍ እግዚአብሔር ከጊዜ ውጭ ሆኖ ሁሉን በአንድነት ያያል፣ ማየቱም የታየውን አያስገድድም ብሏል። የተሐድሶው መሪ ሉተር በ1525 ስለ ነጻ ፈቃድ ለተከራከረው ለሊቁ ኢራስመስ በሰጠው መልስ ይህን አልተቀበለም፤ የእግዚአብሔር ዕውቀት ከማይለወጥ ፈቃዱ ስለማይለይ የሰውን ነጻ ፈቃድ እንደ መብረቅ ይመታዋል አለ። እኔ ቦኤቲየስ ይሻላል እላለሁ፤ «ታዲያ የሚጠፋውን እያወቀ ለምን ፈጠረው?» የሚለውን ግን እርሱም አልዘጋውም።

«የፈርዖንን ልብ ያጸናው እግዚአብሔር ከሆነ፣ ፈርዖን ለምን ይቀጣል?»

ዘጸአትን በችኮላ የሚያነብ ሁሉ ግማሹን ብቻ ይዞ ይወጣል። ጓጕንቸሮቹ ሲወገዱ ልቡን ያደነደነው ፈርዖን ራሱ ነው ተብሎ ተጽፏል። ዝንቡ ሲወገድም እንዲሁ። መቅሠፍቶቹ ሲወርዱ «እግዚአብሔር አጸና» የሚለው በግልጽ የሚመጣው በስድስተኛው፣ በቍስሉ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ እንኳ በረዶው ሲያቆም ልቡን ያደነደነው እንደገና ራሱ ፈርዖን ነው። ስለዚህ ብዙዎች እግዚአብሔር ሰውየው በመረጠው ላይ አጸናው ይላሉ፤ እኔም እዚያው ነኝ።

ሌላኛው ወገን ግን ምዕራፍ 4ን ያነሣል፤ ሙሴ ገና ግብፅ ሳይገባ እግዚአብሔር «ልቡን አጸናለሁ» ብሎ ነግሮታል። ይህን መደበቅ ሐቀኝነት አይደለም። አንድ ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች ቢያስተውሉት እወዳለሁ፤ ታሪኩ የሚናገረው ሕዝቡን ስለ መልቀቅና አለመልቀቅ ነው። እግዚአብሔር መልካም ሊሆን የነበረን ሰው ወደ ክፉነት ለወጠ የሚል ቃል በውስጡ የለም። ፈርዖን መቅሠፍቶቹ ከመጀመራቸው በፊትም ባሪያ አስጨናቂ ነበር።

«የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ስለ ምርጫ የተሰበከ ስብከት ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ከተመረጡት ባልሆንስ? እጸልያለሁ፤ ጸሎቴ ራሱ ማስመሰል ቢሆንስ?»

እህቴ፣ የተመረጡት ሰዎች ዝርዝር ለማንም አልተሰጠም፤ ለሰበከው ሰውም ጭምር።

ይህ ፍርሃት ያንቺ ብቻ አይደለም። ሉተር ገና መነኩሴ ሳለ በዚሁ ጥያቄ ይሠቃይ ነበር። የንስሐ አባቱ ሽታውፒትዝ ስለ ምርጫ መጨነቁን ትቶ የክርስቶስን ቁስሎች እንዲመለከት መከረው። ከሁሉም በላይ በዚህ ትምህርት የሚታወቀው ካልቪን ራሱ እንኳ ከክርስቶስ ውጭ የእግዚአብሔርን ውሳኔ ለመመርመር የሚነሣ ሰው መውጫ ወደሌለው ቦታ ይገባል ብሎ አስጠንቅቋል፤ ምርጫችንን የምናይበት መስተዋት ክርስቶስ ነው ይላል። ያ የዶርት ሲኖዶስም ላንቺ ዓይነቱ ሰው አንድ አንቀጽ አለው፦ በልቡ ጽኑ እምነት ገና የማይሰማው፣ ነገር ግን ወደ እግዚአብሔር መመለስን ከልቡ የሚሻ ሰው ስለ መጣል ሲሰማ ሊደነግጥ አይገባም፣ ራሱንም ከተጣሉት አይቁጠር ይላል። ሰባኪሽ የካልቪንን ትምህርት ከሰበከ ይህንም አብሮ መስበክ ነበረበት።

ጸሎትሽ እውነተኛ መሆኑን ለማረጋገጥ ወደ ውስጥሽ ደጋግመሽ ማየት ከድጡ ወደ ማጡ ይወስድሻል። ባየሽ ቁጥር አዲስ ጥርጣሬ ታገኛለሽ፤ የሰው ልብ እንዲህ ነው። በማርቆስ ወንጌል ልጁን ያመጣው አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኸ። ግማሽ እምነትና ግማሽ ጥርጣሬ ነው፤ ልጁ ግን ተፈወሰለት። «ወደ እኔም የሚመጣውን ከቶ ወደ ውጭ አላወጣውም» የሚለው የዮሐንስ 6 ቃል ደግሞ በአንድ እስትንፋስ ስለ ምርጫም ስለ መምጣትም የሚናገር ነው፤ አብ የሚሰጠኝ ሁሉ ይመጣል ብሎ ጀምሮ ነው ወደዚህ የሚደርሰው። ያንቺ ድርሻ መምጣቱ ነው።

ሥጋሽንም አትርሺ። እንቅልፍ ካጣሽ ሳምንታት ካለፉ፣ አንዱ ሐሳብ ከአእምሮሽ አልወጣ ካለ፣ ያንኑ ንስሐ ደጋግመሽ ካልገባሽ አላርፍም ካልሽ፣ ለንስሐ አባትሽ ወይም ለፓስተርሽ ብቻ ሳይሆን ለሐኪምም ንገሪ። ይህ የእምነት ማነስ አይደለም።

«አንዴ የዳነ ሰው ድነቱን ሊያጣ ይችላል?»

ካልቪናዊው «ከእጄ ማንም አይነጥቃቸውም» የሚለውን ይዞ አይችልም ይላል፤ የወደቀው ቀድሞም አልዳነም። ካቶሊኩ፣ ኦርቶዶክሱና ዌስሊያዊው (የጆን ዌስሊ ተከታይ) ዕብራውያን 6ን ይዘው ይችላል ይላሉ። አርሚኒያውያን በ1610 ባወጡት መግለጫ ይህን ነጥብ ከመጻሕፍት ገና በሚገባ መመርመር አለብን ብለው ክፍት ትተውት ነበር። ከአምስቱ አንቀጾች በጣም የምወደው እርሱን ነው።

«ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድናችን ሮሜ 9ን እንዳስተምር ተመርጫለሁ። ሳንጣላ እንዴት እንወጣዋለን?»

ምዕራፍ 9ን ብቻውን አታስተምሩ። ጳውሎስ ምዕራፎችን አልቆጠረም፤ ከ9 እስከ 11 ያለው አንድ ሐሳብ ነው። በ9 ላይ ሸክላ ሠሪውና ጭቃው አሉ፤ ካልቪናዊው እዚያ ላይ ቆሞ ያጨበጭባል። በ10 ላይ የጌታን ስም የሚጠራ ሁሉ ይድናል፤ ያኛው ወገን በተራው ያጨበጭባል። በ11 ላይ እግዚአብሔር ሁሉን ይምር ዘንድ ሁሉን በአለመታዘዝ ዘግቶታል ይልና ጳውሎስ ራሱ የፍርዱን አለመመርመር ያደንቃል። ከዚያም በላይ ጥያቄው የእያንዳንዱ ሰው ዕጣ ፈንታ ብቻ አይደለም፤ እስራኤል ለምን መሲሑን አልተቀበለም የሚለው ነው ጳውሎስን ያስጨነቀው። ይህን የረሳ አስተማሪ ያዕቆብና ዔሳውን ከቦታቸው አውጥቶ ያሰልፋቸዋል።

ሦስቱ ምዕራፎች 90 ቁጥር ናቸው። በመጀመሪያው ምሽት ድምፁ የሚሰማ ሰው መርጠው ሁሉንም ያስነብቡ፤ በመሃል ማንም አያብራራ፣ ማንም «እዚህ ላይ» ብሎ እጁን አያንሣ። ክርክሩ ለሚቀጥለው ሳምንት ይቆይላችሁ።