የተላጠው በረንዳ

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ያለው ቤታችን የበረንዳው ወለል የጽድ ጣውላ ነው። አምና ቫርኒሽ ቀባነው። ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ ተላጦ ግራጫ ሆነ። ዘይት ይሻለን ይሆን?

መልስ፦ ይሻላል፤ ግን አትቸኩሉ። ቫርኒሽ ከላይ ሽፋን ይሠራል፤ ውሃ ከሥሩ ከገባ ይላጣል። ዘይት ግን እንጨቱ ውስጥ ይሰርጋል። ስለዚህ መጀመሪያ አሮጌውን ቫርኒሽ በብርጭቆ ወረቀት ሙልጭ አድርጋችሁ አንሱት። በሻካራው 80 ቁጥር ወረቀት ጀምሩ፣ በለስለስ ባለው 120 ጨርሱ። ከዚያ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉበት። ከጠጣው ዘይትም ይጠጣል። ለመቀባት እኔ ጥቅምትን እመርጣለሁ፤ የመስከረምን ዝናብ አላምነውም።

ከቀለም መሸጫ የተፈላ የተልባ ዘይት ግዙ። ቤት ውስጥ እንዳታፈሉ! በስሱ ቀቡት፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ የተረፈውን ጥረጉ። እኔ አንዴ «ይጥገብ» ብዬ አወፍሬ ቀባሁና ሳምንት ሙሉ ጫማ ሲያጣብቅ ሰነበተ። ባለቤቴ እስካሁን ታነሳብኛለች።

የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ግን አደራ! ጠቅልላችሁ ጥግ አትጣሉት። ዘይቱ ሲደርቅ ይሞቃል፤ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ ወይም ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።